ረጅም ቃል የሚያስፈራው መገጣጠሚያው እስኪታይ ነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንደኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪዎች ባወጣሁት ፈተና ላይ «ሃይድሮሊሲስ ምን ማለት ነው? አብራሩ» የሚል ጥያቄ ነበር። ወረቀቶቹን ሳርም አንድ ነገር አስገረመኝ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ቃሉን አንድም ሆሄ ሳይስቱ በእንግሊዝኛ በትክክል ጽፈውታል፤ ኤች፣ ዋይ፣ ዲ፣ አር፣ ኦ፣ ኤል፣ ዋይ፣ ኤስ፣ አይ፣ ኤስ። ወደ ትርጉሙ ሲመጡ ግን አንዱ «ውኃ የሚፈጠርበት ሂደት» ይላል፤ ሌላው «የውኃ እጥረት» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከማስታወሻው የሸመደደውን ዐረፍተ ነገር እስከ ግማሽ ድረስ ጽፎ ቀሪው ጠፍቶበት ትቶታል። እኔም ቀይ እስክሪፕቶዬን አንስቼ ዜሮ እየሰጠሁ አለፍኩ። ዘግየት ብዬ ሳስበው ግን ዜሮው ለእኔም የሚገባ ነበር። ቃሉን በክፍል ውስጥ ደጋግሜ ስጠራው ከርሜ ከምንና ከምን እንደተሠራ አንድም ቀን አልነገርኳቸውምና።

እንደሚታወቀው በአገራችን ሳይንስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው አዲስ ሐሳብና አዲስ ቃል በአንድ ጊዜ ይመጡበታል። ቃሉ አሥራ አራት ወይም አሥራ ሰባት ሆሄያት ያሉት ሲሆን ደግሞ ሐሳቡ ገና ሳይነገር ልቡ ይሸፈትበታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አማራጭ ሽምደዳ ብቻ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ይህን ፍርሃት ለማስወገድ ከሁሉ የቀለለው መንገድ አንድ የታወቀ የቃላት ጨዋታ ነው ብሎ ነው። ጨዋታው የተወሰኑ ፊደላትን የያዙ ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላትን መፈለግ ነው። ጨዋታ መሆኑ አይካድም፤ ከጨዋታው የሚገኘው ትምህርት ግን የዋዛ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የእንግሊዝኛ ሆሄያትን በስማቸው ጽፌአቸዋለሁ። አንባብያን እርሳስና ወረቀት ይዘው ወደ ላቲን ፊደል እየመለሱ ቢከተሉኝ ጨዋታው ከአሁኑ ተጀመረ ማለት ነው።

ጨዋታው እንዴት ነው?

ደንቡ ቀላል ነው። ጥቂት ሆሄያት ይሰጣሉ፤ እነዚያን ሁሉ የያዘ ቃል፣ የሚቻል ከሆነም ረጅሙን፣ ማግኘት ነው። ለምሳሌ አምስቱንም የእንግሊዝኛ አናባቢዎች ማለትም ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ እና ዩ የያዘ ቃል ፈልጉ ብንባል ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በየቀኑ የምንጠራው ኤዱኬሽን የሚለው ቃል 9 ሆሄያት ሲኖሩት አምስቱንም አናባቢዎች አንድ አንድ ጊዜ ይዟል። ፍለጋውን ጠበቅ አድርገን «አናባቢዎቹ በፊደል ተራቸው ይቀመጡ» ካልን ደግሞ ፋሲሸስ የሚለውን 9 ሆሄያት ያሉትን ቃል እናገኛለን፤ ትርጉሙ በማይቀለድበት የሚቀልድ ማለት ነው። አብስቲሚየስ የሚለውና ከምግብና ከመጠጥ የሚቆጠብ ማለት የሆነው ቃልም 10 ሆሄያት ይዞ ያንኑ ተራ ይጠብቃል።

በተቃራኒው መሄድም ይቻላል። ሪዝም የሚለው ባለ 6 ሆሄ ቃል ከአምስቱ አናባቢዎች አንዱም የለውም። ስትሬንግዝስ የሚለው የ«ጥንካሬ» ብዙ ቁጥር 9 ሆሄያት ኖረውት አናባቢው ኢ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ የጽሕፈት መኪና የላይኛው የፊደል ረድፍ ብቻ ከሚጻፉት ቃላት አንዱ ባለ 10 ሆሄው ታይፕራይተር፣ ማለትም የመኪናው የራሱ ስም ነው። አንድም ሆሄ ሳይደግሙ 15 ሆሄያትን የሚያሰልፍ ቃል የሚፈልግም አንኮፒራይተብል የሚለውን ያገኛል፤ የደራሲነት መብት ሊጠየቅበት የማይችል ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው እንዲያው ደስ የሚል ነገር ነው። አንዳንድ መምህራን «ታዲያ ይህ ለተማሪው ምን ይፈይድለታል?» ቢሉ አልፈርድባቸውም። ስለዚህ በመጀመሪያ ለዚህ ጥያቄ መልስ ልስጥ።

የሥራ ፈት ጨዋታ ነውን?

ሆሄያትን መቁጠርና ማጣራት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሳይንሳዊ ሥራ ነው። በ9ኛው ምዕተ ዓመት በባግዳድ የኖረው ሊቅ አል ኪንዲ በምስጢር የተጻፈን መልእክት ለመፍታት በጽሑፉ ውስጥ የትኛው ምልክት ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ መቁጠር እንደሚያስፈልግ ጽፎ አስተምሯል። በየቋንቋው አንዳንድ ድምፆች ከሌሎቹ ይበልጥ ስለሚደጋገሙ፣ በብዛት የተገኘው ምልክት በብዛት የሚነገረውን ድምፅ ሳይወክል አይቀርም።

በእንግሊዝኛ ከሁሉ የሚበዛው ሆሄ ኢ ነው፤ ከ100 ሆሄያት 12 ያህሉ እሱ ነው። በሳሙኤል ሞርስ ስም የሚጠራው የቴሌግራፍ ኮድ ለኢ አንዲት ነጥብ ብቻ የሰጠው፣ ብዙም ለማይመጣው ለኪው ግን ሁለት ሰረዝ፣ አንድ ነጥብና እንደገና አንድ ሰረዝ የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ የሚላከው አጭር ከሆነ መልእክቱ በጠቅላላ ያጥራል፤ ዛሬ ኮምፒውተሮች ፋይልን አሳንሰው ሲያስቀምጡ ከሚጠቀሙባቸው መሠረታዊ ሐሳቦች አንዱም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አልፍሬድ በትስ የተባለ አሜሪካዊ አርኪቴክት ጋዜጦችን ዘርግቶ ሆሄያትን በመቁጠር ስክራብል በሚል ስም የታወቀውን ጨዋታ ፈጠረ። ከ100ዎቹ ጠጠሮች 12ቱ ኢ ሲሆኑ ዋጋቸው አንድ አንድ ነጥብ ነው። ኪው እና ዜድ ግን አንድ አንድ ጠጠር ብቻ ሲኖራቸው እያንዳንዳቸው 10 ነጥብ ያስገኛሉ።

ኧርነስት ቪንሰንት ራይት የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1939 ከ50,000 በላይ ቃላት ያሉትን ጋድስቢ የተሰኘ ልብ ወለድ ኢ የምትባለውን ሆሄ አንድም ጊዜ ሳያስገባ ጻፈ። በእንግሊዝኛ ኢ አይገባም ማለት ለአብዛኞቹ ግሦች የኃላፊ ጊዜ ማመልከቻ የሆነውን መድረሻ መከልከል ማለት ነው። ደራሲው የገጠመውን ችግር መገመት አያዳግትም። በእኛም አገር ቢሆን የቅኔ ተማሪ ኅብረ ቃል ፍለጋ ሌሊቱን ሲያሰላስል የሚያድረው ቋንቋውን ለማወቅ ነው እንጂ ሥራ ፈትቶ አይደለም።

ወንፊቱን መሥራት

ለሳይንስ ተማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው የፍለጋው ዘዴ ነው። በእጅ የሚሠራ ሰው መዝገበ ቃላቱን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ አድካሚ ነው። ስለዚህ ቃላቱን የሚያጣራ ወንፊት ያስፈልገዋል። አንዱን ወንፊት ከሂሳብ ልናገኘው እንችላለን።

ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈሉትን ፕራይም ቁጥሮች እናስታውስ፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እያሉ ይቀጥላሉ። ለኤ 2ን፣ ለቢ 3ን፣ ለሲ 5ን፣ ለዲ 7ን፣ ለኢ 11ን እንስጥና እንዲህ እያልን እንሂድ፤ 26ኛዋ ሆሄ ዜድ 101 ትደርሳታለች። ከዚያም የአንድን ቃል ሆሄያት ቁጥሮች እርስ በርስ እናባዛ። ኤዱኬሽን በዚህ ስሌት 11 x 7 x 73 x 5 x 2 x 71 x 23 x 47 x 43 ይሆንና 185,509,469,530 ይመጣል። አሁን ሲን፣ ኤን እና ቲን የያዙ ቃላትን እንፈልጋለን እንበል። የሦስቱ ብዜት 5 x 2 x 71 = 710 ነው። የኤዱኬሽንን ቁጥር ለ710 ብናካፍለው 261,280,943 ደርሶ ምንም ቀሪ አይተርፍም። ስለዚህ ቃሉ ሦስቱንም ሆሄያት ይዟል ማለት ነው። ቀሪ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ አንዷ ትጎድል ነበር። ይህ የሚሠራው ማንኛውም ከ1 የሚበልጥ ሙሉ ቁጥር በፕራይም ቁጥሮች ብዜት የሚገለጸው በአንድ መንገድ ብቻ በመሆኑ ነው። በክፍል ውስጥ «ይህ ሕግ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ወንፊቱ ጉድለትም አለው። ማባዛት ተራ ስለማይጠብቅ ሊስን (ማዳመጥ) እና ሳይለንት (ዝምተኛ) የሚሉት ሁለት ቃላት አንድ ዓይነት ሆሄያት ስላሏቸው ፍጹም አንድ ቁጥር ይሰጣሉ። ተራን ለመጠበቅ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ስቲቨን ክሊኒ የተባለ የሂሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የፊደላትን አደራደር በቀመር የሚገልጽበትን መንገድ አበጀ፤ ኬን ቶምሰን የተባለ የቤል ላቦራቶሪ ባለሙያ ደግሞ በዚህ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ግሬፕ የተባለውን የፍለጋ ፕሮግራም ሠራ። በዚህ ፕሮግራም «በመጨረሻው ኤል፣ ዋይ፣ ኤስ፣ አይ፣ ኤስ ያለውን ቃል ሁሉ አውጣ» የሚል ትእዛዝ በአንድ መስመር ጽፎ ከ200,000 በላይ ቃላት ያሉትን ዝርዝር በቅጽበት ማበጠር ይቻላል።

«እንግዲያው ማሽኑ ከፈለገልን ተማሪው ምን ቀረው?» ይባል ይሆናል። የቀረው ዋናው ነገር ነው። ማሽኑ ያጣራል እንጂ ምን ይጣራ ብሎ አይጠይቅም፤ የተጣራውንም አይቶ «እነዚህ ቃላት ለምን አብረው ቀሩ?» አይልም። ይህን የሚለው ተማሪው ነው። ሳይንስ የሚጀምረውም እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

በወንፊቱ ላይ የቀረው

የፈተናዬን ቃል ይዘን እንሞክረው። በኤል፣ ዋይ፣ ኤስ፣ አይ፣ ኤስ የሚያልቁትን ብናጣራ ሃይድሮሊሲስ፣ ኤሌክትሮሊሲስ፣ ካታሊሲስ፣ ዳያሊሲስ፣ ፓራሊሲስ፣ አናሊሲስ እየተከታተሉ ይመጣሉ። አንዱ የኬሚስትሪ፣ አንዱ የፊዚክስ፣ አንዱ የሆስፒታል፣ አንዱ የሂሳብ ይመስላል። ሆኖም ሊሲስ የሚለው የጋራ ቁራጭ በጥንታዊው ግሪክኛ መፍታት፣ ማላላት ማለት ነው። ሃይድሮ ውኃ ስለሆነ ሃይድሮሊሲስ ሞለኪውልን በውኃ መፍታት ነው። ኤሌክትሮሊሲስ በኤሌክትሪክ መፍታት ነው። የኩላሊት እጥበት የምንለው ዳያሊሲስ ለይቶ መፍታት፣ አናሊሲስ ነገርን ፈትቶ ማየት፣ ፓራሊሲስ ደግሞ የሰውነት መፈታትና መልፈስፈስ ነው። አንዲትን ቁራጭ ያወቀ ተማሪ ስድስት ቃላትን በአንድ ጊዜ አገኘ ማለት አይደለምን?

ርዝመትን ብቻ መለኪያ አድርገን ብናጣራም የምናገኘው ይህንኑ ነው። በእንግሊዝኛ መዛግብተ ቃላት ከሰፈሩት ሁሉ ረጅሙ እየተባለ የሚጠቀሰው ቃል 45 ሆሄያት አሉት። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ የእንቆቅልሽ ወዳጆች ማኅበር ፕሬዚዳንት በነበረው በኤቨረት ስሚዝ ሆን ተብሎ ረጅም እንዲሆን የተፈጠረ ሲሆን ኒውሞኖአልትራማይክሮስኮፒክሲሊኮቮልካኖኮኒዮሲስ ይባላል። ሲያዩት ያስደነግጣል። ሲከፈት ግን ኒውሞኖ ሳንባ፣ አልትራ እጅግ፣ ማይክሮስኮፒክ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን፣ ሲሊኮ ሲሊካ፣ ቮልካኖ እሳተ ገሞራ፣ ኮኒዮሲስ የአቧራ በሽታ ነው። ተገጣጥሞ ሲነበብ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣውን እጅግ የላመ የሲሊካ አቧራ በመሳብ የሚመጣ የሳንባ በሽታ ማለት ይሆናል። የሚገርመው ደግሞ ከ45ቱ ሆሄያት ውስጥ ኢ አንዲት ብቻ ስትሆን ኦ ግን ዘጠኝ ጊዜ መግባቷ ነው። ከሁሉ የምትበዛው ሆሄ እዚህ ለምን ጠፋች? ግሪክኛ ቁራጮች እርስ በርስ ሲጋጠሙ በመገጣጠሚያው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው አናባቢ ኦ ስለሆነ ነው። ቴርሞዳይናሚክስ፣ ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ኤሌክትሮኢንሴፋሎግራም የሚሉትን ጻፉና ኦ የተቀመጠችበትን ቦታ ተመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ ቃሉ የሚቆረጠው ከኦ ቀጥሎ ነው።

ሆሄያት የቃሉን የትውልድ ስፍራም ይጠቁማሉ። ፒ እና ኤች ተጣምረው የ«ፍ»ን ድምፅ ሲሰጡ፣ ዋይ በቃሉ መሐል በአናባቢነት ስትገባ፣ ሲ እና ኤች ተጣምረው እንደ «ክ» ሲነበቡ ቃሉ ግሪክኛ መሆኑን እንጠርጥር። ፊዚክስ፣ ሳይኮሎጂ፣ ክሎሮፊል እነዚህን ምልክቶች ተሸክመው ይሄዳሉ። በኤ እና በኤል የሚጀምሩትን የሂሳብና የኬሚስትሪ ቃላት ስናጣራ ደግሞ አልጀብራ፣ አልጎሪዝም፣ አልኮል፣ አልካሊ ይመጣሉ። አልጎሪዝም ከአል ኽዋሪዝሚ ስም የወጣ ነው፤ በሌሎቹ ላይ ያለው «አል» የዐረብኛ መስተአምር ነው። አልጀብራ በመነሻው የተለያየን ነገር መልሶ መግጠም ማለት ሲሆን የተሰበረ አጥንትን ለሚጠግን ሰው ሥራም ይነገር ነበር።

እኛና እነዚህ ቁርጥራጮች

አንዳንድ ተማሪ «ግሪክኛ እኔን ምን አገናኘኝ?» ይል ይሆናል። የክፍል ጓደኞቹን ስም ዝርዝር ይመልከት። በግእዝና በአማርኛ ጰ የምትባለው ፊደል የምትገኘው በአመዛኙ ከግሪክኛ በመጡ ቃላት ላይ ነው፤ በእንግሊዝኛ የፒ እና የኤች ጥምረት እንደሚያመለክተው ማለት ነው። ጴጥሮስ ዐለት ነው፤ ፔትሮሊየምም የዐለት ዘይት ነው። ፊልጶስ ፈረስ ወዳድ ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው ቁራጭ ፊሎሶፊን (ጥበብን መውደድ)፣ ከሁለተኛው ደግሞ ሂፖፖታመስን (የወንዝ ፈረስ)፣ ማለትም ጉማሬን እናገኛለን። ጊዮርጊስ የምድር ሠራተኛ፣ ገበሬ ነው፤ የፊተኛው ክፍሉ ጂኦግራፊና ጂኦሎጂ ውስጥ፣ የኋለኛው ክፍሉ ኢነርጂ በሚለው ቃል ውስጥ ተቀምጧል። ኤጲስ ቆጶስ የሚለው ማዕርግ ከላይ ሆኖ የሚመለከት፣ ጠባቂ ማለት ነው፤ «ቆጶስ» የተባለው ክፍል በማይክሮስኮፕ፣ በቴሌስኮፕና በስቴቶስኮፕ ላይ ያለው «ስኮፕ» ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚለው ብሂል እንዳለ ሆኖ፣ ሳይንስ ስሞቹን ያወጣው እኛ ስንጠራቸው በኖርናቸው ቁርጥራጮች ነው።

ቃልን ወደ ሥሩ የመመለስ ልማድም ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ሰበረ፣ ሰባራ፣ ተሰባበረ፣ ስብራት ብንል ሁሉም የስ-ብ-ር ልጆች መሆናቸውን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። እንዲያውም የፕራይም ቁጥሩን ወንፊት ወደ አማርኛ ብናመጣው ለ231ዱም ሆሄያት ለየብቻ ቁጥር ከመስጠት ይልቅ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት አንድ ቁጥር መስጠቱ ይበቃል፤ ያን ጊዜ የስ-ብ-ር ዘር በሙሉ በአንድ ብዜት ይያዛል። ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ስብራት እና ብስራት አንድ ቁጥር ይሰጣሉና። አንደኛው ሐዘን፣ ሁለተኛው ደስታ! የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ብሥራትን በንጉሡ ሠ የሚጽፉ በመሆናቸው የእነርሱ አጻጻፍ ሁለቱን ይለያቸዋል። ሞክሼ ፊደላትን ለመቀነስም ሆነ ለማቆየት የሚከራከሩ ወገኖች ይህን ዓይነቱንም ማስረጃ ቢመለከቱት መልካም ነው።

ወንፊቱ የሚስትበት

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ወንፊት ፍሬውን ከገለባ ፈጽሞ አይለይም። ሉፕሆል (ማምለጫ ቀዳዳ) እና አፕሂል (ዳገት) በሚሉት ቃላት ውስጥ ፒ እና ኤች ጎን ለጎን ቢቀመጡም ቃላቱ ግሪክኛ አይደሉም፤ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ሲገጣጠሙ በአጋጣሚ የተገናኙ ሆሄያት ናቸው። አልጌም በኤ እና በኤል ቢጀምርም የመጣው ከላቲን ነው። ስለዚህ ተማሪው ግምቱን በመዝገበ ቃላት ማረጋገጥ አለበት። መላምት ማቅረብና መፈተን ማለት ይኸው ነው።

ሥርወ ቃል ትርጉሙን ሁሉ ይናገራል ማለትም አይደለም። ላቭዋዚዬ ኦክስጅንን «አሲድ ፈጣሪ» ብሎ የሰየመው አሲዶች ሁሉ ኦክስጅን ያላቸው ስለመሰለው ነበር። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን ኦክስጅን የለውም። አቶም «የማይከፈል» ማለት ነው፤ እንደሚከፈል ግን ዛሬ ሁላችንም እናውቃለን። ቁርጥራጮቹ ወደ ሐሳቡ የሚያስገቡ በር ናቸው እንጂ ቤቱ ራሱ አይደሉም። ሃይድሮሊሲስ «በውኃ መፍታት» መሆኑን ያወቀ ተማሪ የትኛው የኬሚካል ትስስር እንደሚፈታና ለምን እንደሚፈታ ገና መማር ይኖርበታል። ነገር ግን «የውኃ እጥረት» ብሎ አይጽፍም።

«መፍትሔው ሳይንስን በራስ ቋንቋ ማስተማር ነው» የሚሉ ወገኖችም አሉ። ከሐሳቡ ጋር ጠብ የለኝም። ነገር ግን ፎቶሲንተሲስን ብርሃን አስተጻምሮ ብለው የተረጎሙት ሰዎች ምን እንዳደረጉ እንመልከት፤ ፎቶን ብርሃን፣ ሲንተሲስን አስተጻምሮ ብለው ቃሉን ከመገጣጠሚያው ፈትተው በግእዝ መልሰው ገጠሙት። ስለዚህ ቃል መፍታት ለሚተረጉመውም ሆነ ለማይተረጉመው አስፈላጊ ነው።

ምን ይደረግ?

በእኔ እምነት ሦስት ነገሮችን ያለ አንዳች ተጨማሪ በጀት ከነገ ጀምሮ መፈጸም ይቻላል። አንደኛ፣ መምህር አዲስ የሳይንስ ቃል በሰሌዳ ላይ በጻፈ ቁጥር ቃሉን በመገጣጠሚያዎቹ ላይ በሰረዝ ይክፈለውና የእያንዳንዱን ክፍል ትርጉም ከሥሩ ይጻፍ። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለተኛ፣ ተማሪው ከማስታወሻ ደብተሩ የኋላ ገጾች ጥቂቱን ለቁርጥራጮች ይመድብ፤ ሃይድሮ፣ ሊሲስ፣ ቴርሞ፣ ፎቶ፣ ማይክሮ፣ ሎጂ እያለ የመዘገባቸው 50 ቁርጥራጮች በየመማሪያ መጻሕፍቱ ውስጥ ደጋግመው ሲመጡ ያገኛቸዋል። ሦስተኛ፣ የሳይንስ ክበባት የቃል ፍለጋ ውድድር ያዘጋጁ፤ ነገር ግን አንድ ደንብ ይጨመርበት። ረጅም ቃል ያመጣ ተወዳዳሪ ነጥቡን የሚያገኘው ቃሉን ፈትቶ ማስረዳት ሲችል ብቻ ይሁን። ይህ ደንብ ከሌለ ጨዋታው ሌላ ሽምደዳ ሆኖ ይቀራል። የኮምፒውተር ተማሪዎች ደግሞ ወንፊቱን በፕሮግራም ይሥሩት፤ በአማርኛ ቃላት ላይም ይሞክሩት።

እኔ በበኩሌ የጀመርኩት ከራሴ ክፍል ነው። ሃይድሮሊሲስን ሳስተምር አሁን በቅድሚያ በሰሌዳው ላይ ሊሲስ የሚለውን ብቻ ጽፌ «በዚህ የሚያልቁ ቃላትን አምጡ» እላለሁ። መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ቆየት ብሎ አንዱ ዳያሊሲስ ይላል፤ ዘመዱን ሆስፒታል ያመላለሰ ይሆናል። ሌላዋ ኤሌክትሮሊሲስ ትላለች። ሰሌዳው ሲሞላ ትርጉሙን እኔ ሳልነግራቸው ራሳቸው ይደርሱበታል። ውድ አንባብያን፣ እናንተም ዛሬ ማታ ከመማሪያ መጽሐፋችሁ የሚያስፈራችሁን አንድ ረጅም ቃል መርጣችሁ ኦ የምትባለውን ሆሄ ፈልጉና ከዚያ ላይ ቆርጡት፤ ቁራጩንም ይዛችሁ ዘመዶቹን አፈላልጉ።